የዶርሙ ለቅሶ

ባለፈው ጥቅምት ከፒያሳ ቁልቁል ስወርድ አንድ ባጃጅ ጣሪያው ላይ ጥቅል ፍራሽ አስሮ ከፊቴ ቆመ። ከውስጡ ጋቢ የደረበ ገበሬ ወረደ፤ ከኋላው ልጁ ወረደች፤ ከዚያ ስንቅ የሞላ ማዳበሪያ ተጎትቶ ወጣ። አባትና ልጅ ፍራሹን ለማውረድ ሲታገሉ የተጠቀለለበት ላስቲክ ተተረተረና የአዲስ ስፖንጅ ሽታ ፊቴን መታኝ። መንገዴን ረስቼ ቆምሁ። ሌላው ሰው አደይ ሲፈነዳ ዓመቱ እንደተለወጠ ያውቃል፤ ለእኔ ግን ዓመት የሚለወጠው በዚህ ሽታ ነበር። ጉልበቴን የጨረስሁት እዚሁ ጎንደር፣ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ የሴቶች ዶርም ፕሮክተር ሆኜ ነው። ቁልፍ እይዛለሁ፣ አልጋ እደለድላለሁ፣ አምፖል ሲቃጠል አስቀይራለሁ፣ የታመመች ልጅ ክሊኒክ አደርሳለሁ። ሥራሽ ምንድን ነው ላለኝ የምመልሰው ይህንኑ ነበር። ዋናው ግን ሌላ ነበር፤ ያ ዋናው አሁን የለም።

ያን ጊዜ ግቢው እንዲህ አልሰፋም። ሕንጻው ጥቂት፣ ባሕር ዛፉ ብዙ ነው። አጥሩ ጥግ ሻይ በስሙኒ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ብርጭቆዋ ከንፈር ይልጣል፣ በስኳር አትሰስትም። ልጆቹ ሲመጡ አገራቸው ከልብሳቸው ይታወቃል፤ የአርማጭሆዋ በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ ቀሚስ ከኮንጎ ጫማ ጋር፣ የአዲስ አበባዋ ጂንስ ሱሪ፣ ከቆላ የመጣችው ደግሞ የጎንደር ብርድ ምን እንደሆነ ስለማታውቅ ስስ ሸሚዝ ብቻ። ይህ ልዩነት የሚቆየው እስከ ገና ነው። ከገና በኋላ ሹራቡ ይዋዋሳል፣ የአንዷን ጃኬት ዛሬ በዚህች ነገ በዚያች ትከሻ ላይ አየዋለሁ፣ የማን እንደነበረም ይረሳል። ከፒያሳ ሙዚቃ ቤት የተቀዳ ካሴት ከክፍል ክፍል ይዞራል። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል፤ ልጆቹ እየሳቁ ባትሪውን በጥርሳቸው ነክሰው መልሰው ይከቱታል፣ ዘፋኙም ጥቂት ነፍስ ይዘራል። እሑድ እሑድ ተያይዘው በእግራቸው ወለቃ ይሄዱና ከመንገድ ዳር የሸክላ ወፍ ይገዛሉ፤ ለእረፍት አገራቸው ሲገቡ ለታናናሾቻቸው የሚወስዱት እሱን ነበር። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ መራመዳቸው ነው። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ መንገዱን ሞልተው፣ መኪና ጥሩንባ ሲነፋባቸው እንኳ ሳይላቀቁ።

ማንጠግቦሽን ያመጧት አባቷ ናቸው። አያ ፈንቴ የአርማጭሆ፣ የትክል ድንጋይ ገበሬ ናቸው፤ በእህል ጫኝ መኪና ላይ ተሳፍረው መጡ፣ ልብሳቸው ላይ ጤፍ ተራግፎባቸው ነበር። ልጅቱን አስገብቼ፣ አልጋዋን አሳይቼ ስመለስ ሰውየው አልሄዱም፤ ከዶርሙ በር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ምነው አያ ፈንቴ፣ መኪናው አያመልጥዎትም ወይ ብላቸው፣ በዱላቸው መሬቱን ሲጭሩ ቆዩና ቀና አሉ።

«እቴ፣ ይች ልጅ ከቤት ወጥታ አታውቅም። እህል አላሰብሁላትም፣ እህሉን ትለምደዋለች። የማስበው ሰው እንዳታጣ ነው» አሉኝ።

ሰው አታጣም አልኋቸው። ያን ጊዜ ይህን ማለት ቀላል ነበር፤ ለሁሉም አባት እለዋለሁ፣ ለሁሉም እውነት ነበር። ተነሥተው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ስመው ሄዱ።

ማንጠግቦሽ ዝምተኛ ነበረች፤ ቆይቶ ግን ዝምታዋ የማየት እንደሆነ ገባኝ። ከክፍሏ ልጆች ማን እንደከፋት፣ ማን ምሳ እንዳልበላች፣ ማን ከአገሯ ከተደወለላት በኋላ ፊቷ እንደተለወጠ ከማንም ቀድማ ታያለች። ከላይዋ ባለው አልጋ የምትተኛው አስቴር የምትባል የሶዶ ልጅ ነበረች። ጠይም፣ ሳቂታ፣ ጴንጤ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ፊቷን እየታጠበች የምታዜመውን መዝሙር ኮሪደሩ ሁሉ ለምዶት ነበር። ማንጠግቦሽ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ስትጾም አስቴር ካፌ ገብታ የጾሙን ወጥ ታስቀምጥላታለች። ሁለቱ የተሳሰሩት በዚህ ዓይነት በትንሽ በትንሹ ነው።

በሁለተኛው ዓመት የፈተና ሰሞን ዶርሙ በር ላይ ካለው ስልክ ተጠራሁ። የአስቴር አጎት ነበር። እናቷ ማረፏን ነገረኝና፣ እንዴት እንደምትነግሯት እናንተ ታውቃላችሁ አለኝ። የክፍሏን ልጆች ቢሮዬ ሰብስቤ በሩን ዘጋሁ። አንዷ ፈተናው እስኪያልቅ ይደበቅ አለች። ሌላዋ አሁኑኑ ይነገራት፣ ተሳፍራ ትሂድ አለች። የእኔም ልብ ለሁለት ተከፈለ። ማንጠግቦሽ ናት ነገሩን የቆረጠችው።

«እኛ አገር ሰው ብቻውን መርዶ አይረዳም» አለች። «ጎሕ ሲቀድ፣ ቤቱ በሰው ሲሞላ ነው የሚነገረው። ፈተናውን አስተማሪውን እንለምነዋለን። የእናት ሞት ግን ሰው ሳይከብባት አይነገራትም።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ለአስቴር ምንም ሳያሳዩ ግቢውን አዳረሱት። አስተማሪው እሺ አለ፣ ፈተናውን ለብቻዋ እሰጣታለሁ አለ። በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በኮሪደሩ መጡ። ነጠላ የሌላት አንሶላዋን ለብሳለች። ሙስሊሞቹ ልጆች በሻርፓቸው ተከናንበው ከግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ክፍሉ ሞላ፣ ደፉ ሞላ፣ ደረጃው ሞላ። ማንጠግቦሽ አልጋው ላይ ወጥታ ከአስቴር ኋላ ተቀምጣ ነበር። አስቴር ዓይኗን ስትገልጥ ያንን ሁሉ ነጭ ልብስ አየች። ፊታችንን አንድ በአንድ አየችና ብቻ፣

«እናቴ ናት?» አለች።

ማንጠግቦሽ ከኋላዋ ወገቧን አቅፋ ያዘቻት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጆሮዬ አይረሳውም። አስቴር በአገሯ ቋንቋ ጮኸች፤ ቃሉ ለማናችንም አልገባንም፣ ሐዘኑ ግን ለሁላችንም ገባን። ያቺ ዝምተኛ የአርማጭሆ ልጅ አፏን ከፍታ አለቀሰችላት፤

እናቷ ሩቅ ናት፣ አይደርስም እግሯ፣
እኛ እናልቅስላት፣ እኛ ነን አገሯ።

ልጆቹ ተቀበሏት። ወንዶቹ ከወዲያ ዶርም ሰምተው አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጡ፣ የቴሌቪዥኑን ክፍል ለለቅሶ አጸዱት። የካፌ ሠራተኞች ንፍሮ ቀቅለው አመጡ። አስተማሪው መጥቶ ከወለሉ ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጠ። የቁስቋም መሪጌታ የነበሩት አባቴ ሳይቀሩ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወርደው መጡ። እናትሽ ስማቸው ማን ይባል ነበር ብለው ጠየቋት፤ ነገረቻቸው፤ ስሙን ቀስ ብለው ደገሙትና፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ፣ እናት ቀላል አይደለችም» አሏት። የአስቴር የእምነት ጓደኞች ለስለስ አድርገው መዝሙር ሲጀምሩ አንገቴን ደፋሁ፤ አባቴ ይነሡ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተነሡም። ግንባራቸውን መቋሚያው ላይ አስደግፈው መዝሙሩ እስኪያልቅ ጠበቁ።

አስቴር አገሯ ደርሳ ተመለሰች፣ ፈተናዋንም ወሰደች። ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። አባት ወይም እናት የሞተባት ልጅ ስትኖር የማንጠግቦሽ ጓደኞች ቀድመው ያውቃሉ፣ ቀድመው ይሰበሰባሉ። ልጆቹ «የዶርሙ እድር» ይሉት ነበር። ለቅሶ ብቻም አልነበረም፤ የተጨነቀች፣ ፍቅረኛዋ የከዳት፣ ውጤቷ ወርዶ ሻንጣዋን የምትቋጥር ልጅ ከተገኘች ወይ አልጋዋ ላይ መጥተው ያድራሉ ወይ እኔን ይጠሩኛል። የሚያስተምራቸው አልነበረም። ከየቤታቸው ይዘውት የመጡት ነው፤ እዚህ አጋጠሙት፣ የሶዶው ከአርማጭሆው፣ የወሎው ከሐረሩ ጋር ገጥሞ አንድ ቤት ሆነ። እኔ የማውቀው ግቢ እሱ ነው።

እንዴት ፈረሰ ቢሉኝ ቀኑን መንገር አልችልም። ግንብ ሲፈርስ ድምፅ አለው፤ ይህ ግን ጭቃ ግድግዳ በዝናብ እንደሚሟሟው ነው የሄደው። መጀመሪያ አንዲት ልጅ ቢሮዬ መጣችና ከአገሬ ልጆች ጋር አድርጊኝ አለችኝ። ምነው፣ ተጣልታችሁ ነው ብላት፣ አልተጣላንም፣ እንዲሁ ነው አለች። ቀጥሎ ሌላዋ መጣች። ከዚያ የሆነ አገር ወሬ ይመጣል፣ ግቢው አንገቱን ይደፋል፤ ድንጋይ መስኮት ይሰብራል፣ ማን እንደወረወረው አይታወቅም። አባቶች ከሩቅ አገር ድረስ መጥተው ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቆሜ የሚሄዱትን ልጆች ስሸኝ፣ አንዷ የሌላዋን ሹራብ አውልቃ መለሰችላት። ተቀባይዋም ያዢው አላለቻትም፤ አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። የዚያን ቀን ቁስቋም ቤቴ ድረስ በእግሬ ወጣሁ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው ፊት ማልቀስ አፍሬ። ቀጥሎ የመጡት ልጆች ደግሞ ከፊታቸው የነበረውን አላዩምና የጎደለውን አያውቁትም። ክፉዎች አይደሉም። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው፣ እያንዳንዳቸው አልጋቸው ላይ መጋረጃ ጋርደው፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ፈርተው ይኖራሉ። እኔም በጡረታ ወጣሁ።

ማንጠግቦሽ ግን አልተወችኝም። አስተማሪ ሆና አገሯ ትክል ድንጋይ ተመድባ፣ አግብታ፣ ወልዳ ትኖር ነበር፤ በኅዳር ለቁስቋም ንግሥ በመጣች ቁጥር ቤቴ ሳትገባ አትሄድም። የዛሬ ሁለት ዓመት ግን ያለ ንግሡ መጣች፣ ከእርሷ የምትረዝም ልጅ ይዛ። የመጀመሪያ ልጇ ቤዛ ያው የእኛ ግቢ ደርሷታል። ማንጠግቦሽ ደስታ ፊቷ ላይ አልያዝ ብሏት፣ «እትዬ፣ እኔ ያገኘሁትን ሰው ታገኛለች። ሸጋ አይደል?» አለችኝ። ሸጋ ነው አልኋት። ምን ልበላት? የደስታ ቀኗን ልቀማት?

ዓመቱ ሳይጋመስ ተኩስ መጣና የትክል ድንጋይ መንገድ ተዘጋ። ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ስልኩም እንደዚያው፣ አንድ ሰሞን ይሠራል አንድ ሰሞን ይጠፋል። በዚያ መካከል ማንጠግቦሽን ሆዷን አመማት። ጎንደር ጤነኛ ሰው ቁርሱን በልቶ ለምሳ ሳይርበው በመኪና የሚደርስበት መንገድ ነው። መኪና የለም ተባለ፤ በቃሬዛ ጀምረው ነበር፣ ታጣቂዎች ከመንገድ መለሷቸው። ቤቷ ገብታ ሞተች። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ የዚያን ቀን እኔ እዚህ ቤቴ ተቀምጬ ሽንኩርት እየላጥሁ ነበር።

መጀመሪያ የጠራችኝ በቦታዬ የተተካችው ፕሮክተር ናት። ደውላ፣ እትዬ፣ ያቺ የእርስዎ ልጅ ከአልጋዋ አትወርድም፣ አትናገርም፣ ምን እንደሆነች አላውቅም አለችኝ። በባጃጅ በረርሁ። ስገባ ቤዛ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። አንዷ የክፍሏ ልጅ ልብስ ታጣጥፋለች፣ ሌላዋ አልጋዋ ላይ ማዳመጫዋን ሰክታ ታጠናለች። ምን ሆና ነው ብዬ ጠየቅሁ። ልብስ የምታጣጥፈው ልጅ፣ ደብሯት ነው መሰለኝ አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ጀርባዋን ዳሰስሁት፤ እንደ እንጨት ደርቋል። ሳትዞር ነው የነገረችኝ። ካፌ ወረፋ ላይ ቆማ ስልኳን ስትከፍት የእናቷን ፎቶ አየች። አንድ የሩቅ ዘመድ ለጥፎት ነው፤ ከሥሩ ነፍስ ይማር ይላል። እናቷ ከተቀበረች ሰንብታለች።

«ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅኩም» አለችኝ። «ወረፋው ደረሰኝ፣ ተቀበልኩ። በላሁ እትዬ። ጨርሼ ነው የበላሁት።»

አቀፍኋት፤ አላለቀሰችም። በማግስቱ ለተማሪዎች ምክር የሚሰጠው ክፍል ሄድሁ። በሩ ላይ ብቻችሁን አይደላችሁም የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ኮሪደሩ ላይ ግን ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን። አማካሪው ወጣት ነው፣ ጨዋ፣ ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት የቀላ። በሚቀጥለው ሳምንት አያታለሁ አለኝ። ዛሬ ነው እናቷ የሞተችባት እንጂ በሚቀጥለው ሳምንት አይደለም ልለው ብዬ ፊቱን ሳየው ተውሁት። የእርሱም እናት ከተዘጋው መንገድ ወዲያ ናት፤ ድምፅዋን ከሰማ መቆየቱን እርሱው ነገረኝ። እዚያ ወንበር ላይ ማን ማንን እንደሚያማክር ጠፋኝ።

የቀረኝ እኔው የማውቀው ነበር። ጠዋት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ሄድሁና በየክፍሉ እያንኳኳሁ አንዲት ልጅ ሰው ሞቶባት ነው፣ እናቷ ናት፣ ኑ ለቅሶ እንቀመጥላት አልሁ። አንዳንዱ ክፍል በሩን አልከፈተም። አንዳንዷ ፈተና አለብኝ እትዬ ብላ ከልቧ አዘነች። ጥቂቶች መጡ። መጥተው ግን ከበሩ አጠገብ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ፤ የት እንደሚቀመጡ፣ ምን እንደሚሉ አያውቁም። ማዳመጫ የምትሰካው ራሕማ የምትባል የወሎ ልጅ ናት፤ ማዳመጫዋን አውልቃ ስታበቃ እንባዋ እየወረደ፣ «እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም እትዬ፣ ያሳዩኝ» አለችኝ። ወለሉ ላይ ተቀመጭ አልኋት፣ ተቀመጠች። ቤዛን ከአልጋዋ አውርጄ ከመካከላችን አስቀመጥኋት። ከኋላዋ ሆኜ ወገቧን አቀፍሁና የእናቷን ስም ጠርቼ ሙሾ አወጣሁ።

የሚቀበል አልነበረም። ድምፄ ያረጀ ነው፣ ብቻውን ወጣ፣ ግድግዳውን መትቶ ብቻውን ተመለሰ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት ያያሉ። እንደገና ጀመርሁ። ከኮሪደሩ ማዶ አንድ በር ተዘጋ፣ ቀጥሎ ሌላ። ያን ጊዜ ቤዛ ወገቧ ላይ ያለውን እጄን በእጇ ነካችው።

«ይተውት እትዬ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሰው እያጠና ነው።»

ተውሁት። የመጡት ልጆችም አንድ በአንድ፣ ጫማቸውን ሳያሰሙ ወጡ።

መንገዱ ለጥቂት ቀን ሲከፈት ቤዛ ወደ ትክል ድንጋይ ሄደች። አያ ፈንቴ አርጅተዋል፣ ታናናሾቿ ገና ናቸው፤ ትመለሻለሽ ወይ ስላት አየዋለሁ አለችኝ። አልተመለሰችም። እናቷን አንድም ቀን ሳታለቅስላት ለታናናሾቿ እናት ሆነች። አልጋዋ ላይ ሌላ ልጅ ተደልድላበታለች፣ ከየት እንደመጣች አላውቅም። የተረፈ ዕቃዋን ልወስድ የሄድሁ ዕለት ራሕማ ካርቶኑን ተሸክማ እስከ ግቢው በር ሸኘችኝ። ካርቶኑን ባጃጁ ውስጥ ካስገባች በኋላ በሩን ይዛ ቆመች። ዘበኛው ተማሪ እንዳትወጣ እያያት ነው።

«እትዬ» አለችኝ፣ «የእኔ እናት ብትሞት ማን ይነግረኛል?»

አፌን ከፈትሁ። ዱሮ ቢሆን ስም ነበረኝ፤ እገሊት አለች፣ እገሊት አለች፣ ያ ሁሉ ኮሪደር አለ ብዬ እቆጥርላት ነበር። ፊቷን እያየሁ አንድ ስም ፈለግሁ። ባለባጃጁ እንሂድ ወይ አለ፤ ልጅቱ በሩን እርሷው ቀስ አድርጋ ዘጋችልኝ።